እሳት በጉያ በኪሎ

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የወይራ አምባ ቀበሌ ተምችን በእጅ በመልቀም ከወረዳው ቀበሌዎች ሁሉ አንደኛ ወጣ። አንደኛ እንዲወጣ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የተለቀመው ግን ተምች አልነበረም።

ይህን ነገሩ ካለፈ በኋላ ለወሬ ያህል የማነሳው አይደለም። ያኔውኑ ተናግሬአለሁ። ለሊቀመንበሩ ነገርኩት፣ ለቄሱ ነገርኳቸው፣ ደሴ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ማይክ ይዤ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። እስከ ዛሬ የስብሰባ ጭብጨባ ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ እየፈላም ቢሆን ከሥሩ ልናገረው።

የምስራች እባላለሁ፤ መምህርት ነኝ። ወይራ አምባ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲወርዱ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ ያለች ቀበሌ ናት። ሰባት ዓመት ባዮሎጂ አስተማርኩባት። የተማሪዎቼ ወላጆች ግማሾቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራሉ። ከቀበሌው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ጊዮርጊስ አለ፤ ጊዮርጊስን የከበበ ደን አለ። ሽማግሌ ወይራ፣ ጽድ፣ አልፎ አልፎ ዋንዛ። ከዚያ ቅጥር ውጭ ዛፍ የሚባል ነገር ቢኖር ባሕር ዛፍ ነው።

በዚህ ደን ውስጥ አንድ የእሳት እራት ይኖራል። ክንፉን አጥፎ ግንድ ላይ ሲለጠፍ የወይራ ልጥ ነው፤ አፍንጫችሁ ሥር ሆኖ አታዩትም። ጣት ስታስጠጉበት የላይኛውን ክንፍ ገለጥ ያደርጋል። ከሥር ያለው ክንፍ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ መሐሉን ጥቁር መቀነት ታጥቋል። ሊበላው የመጣው ወፍ በቀዩ ደንግጦ እስኪመለስ እሱ ሌላ ግንድ ላይ ሄዶ ተመልሶ ልጥ ሆኗል። ልጆቹ እሳት በጉያ ይሉታል። ከዚህ የተሻለ ስም ሳይንስም አያወጣለትም። ለነገሩ ሳይንስንም ጠይቄ ነበር፤ ፎቶ አንስቼ ለሁለት ዩኒቨርሲቲ ላክሁ። አንዱ ዝም አለ፣ ሌላው «ደርሶናል» ብሎ ጻፈልኝ።

መጀመሪያ ሳየው ወይራ አምባን ጥዬ ልሄድ የዝውውር ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ማመልከቻዬን ሄጄ ሳብኩት። ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፣ ይሳቅ። ባል የለኝም፣ ቤት የለኝም፣ በዚህ ምድር ላይ የኔ የምለው አንድ ነገር ቢኖር የዚያ ነፍሳት ቆጠራ ነበር። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ትሉን፣ መስከረም ላይ የእሳት እራቱን፣ ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ጋር ግንድ በግንድ እየዞርን እንቆጥራለን። ስድስት ዓመት ቆጠርን። ከዓመት ዓመት ይጨምር ነበር።

ትሉን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። ትሉ ከእናት አባቱ የባሰ ድብብቆሽ ተጫዋች ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ፣ መልኩ አመድማ፤ በጎንና በጎኑ ያለው ጸጉር ከግንዱ ጋር ስለሚያጣብቀው ጥላ እንኳ አይጥልም። ሦስት ዓመት ከደከምኩ በኋላ ነው ብልሃቱን ያገኘሁት። ዝናብ እንዳባራ ልጡ ረጥቦ ይጠቁራል፤ ትሉ ግን ውኃ ስለማይዝ ነጣ ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ ፊትን ከግንዱ አስጠግቶ ወደ ላይ ማየት ነው፤ ፀሐይ በማይመታው በኩል። ይህንና ሌላ ሌላውን በአንድ ገጽ ጽፌ፣ ስዕል ጨምሬ፣ ለክበቡ ልጆች አባዝቼ ሰጠሁ። እኔ ብዛወር ወይም ብሞት ቆጠራው እንዳይቆም ብዬ ነው። ከገጹ ግርጌ በትልቁ «ቁጠሩ፤ አትንኩ» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያ ዓመት ከባሕር ማዶ መጣ የተባለ አዲስ ተምች በቆሎ ላይ ወረደ። የመጣውስ እውነት ነው። መድኃኒቱ አልበቃም፤ ስለዚህ በእጅ ይለቀም ተባለ። ይሁን፤ በእጅ መልቀምም ይረዳል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዕቅድ ወረደ። በቆሎ የሚዘራውም የማይዘራውም ቀበሌ ኮታ ደረሰው። ኮታው ለየአንድ ለአምስቱ ተከፋፈለ፤ አምስት አምስት ሆኖ በአንድ መሪ ሥር ያልተጠረነፈ ሰው ያኔ አልነበረም፣ ተማሪውም ጭምር። መለኪያውም ኪሎ ሆነ።

እስቲ አስቡት። በበቆሎ እምብርት ውስጥ ተወሽቆ የሚውል፣ ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ ትል በኪሎ። አንድ ኪሎ ለመሙላት ስንት ሺህ በቆሎ እንደሚፈለቀቅ ያሰበ ሰው ያን ዕቅድ አላወጣውም።

እኔ በዚያ ክረምት ዲግሪዬን ለመጨረስ ደሴ የክረምት ኮርስ ላይ ነበርኩ። ሐምሌ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ልብስ ልቀይር ወደ ወይራ አምባ ወረድኩ። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የእህል ሚዛን ቆሟል። ልጆች ማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ተሰልፈዋል። ከፊት የቆመችው እየሩስ ነበረች፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ፣ የክበቡ ጸሐፊ፣ ዓይኗ ከሁላችንም የሚልቅ።

«ቲቸር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንደኛ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ከረጢቷን ከፈትኩ። አመድማ፣ ጠፍጣፋ፣ ከመሐል ጣት የሚረዝሙ ትሎች፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይላወሳሉ። ከላይ ያሉት ገና ልጥ የሚፈልጉ ይመስል በከረጢቱ ጎን ላይ ተለጥፈዋል። የሚዛኑን ብረት ይዤ ቆምኩ።

«ከየት ነው ያመጣችሁት?»

«ከጊዮርጊስ። እርስዎ ያሳዩን ቦታ ነዋ።»

«ይሄ ተምች ነው፣ እየሩስ?»

ፈገግታዋ ቀነሰ። «አይደለም ብያቸው ነበር» አለች። «ጋሽ ፈንታሁን ግን ትል ትል ነው አሉኝ። የእርስዎን ወረቀት ሳሳያቸው ደግሞ በጣም ደስ አላቸው። ለሁሉም ልጅ አባዝተው ሰጡ።»

ልጅቷን ምን ልበላት? የታዘዘችውን የሠራች፣ ያስተማርኳትን የተማረች ልጅ ናት። ጸጉሯን ዳበስ አድርጌ ወደ ሊቀመንበሩ ገባሁ።

አቶ ፈንታሁን ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ተሳድቤ እወጣ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«እንኳን መጡ መምህርት። የእርስዎ ወረቀት እኮ አወጣን። ባለፈው ግምገማ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበርን፤ አሁን ማን ይድረስብን።»

«አቶ ፈንታሁን፣ ይሄ ተምች አይደለም። በቆሎ አይበላም። ወይራ ላይ ተወልዶ ወይራ ላይ የሚሞት ፍጡር ነው። ማንንም አልነካም።»

ቅጹን ከመሳቢያ አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው። «ይዩት እስቲ። የትሉ ዓይነት የሚሞላበት ቦታ የለውም። ቀን፣ የለቃሚ ብዛት፣ ኪሎ። በቃ።»

«በቆሎውስ?»

«በቆሎው ዕቅዱ ውስጥ አለ።»

«በቆሎው ውስጥ ያለው ትልስ?»

«እሱም ዕቅዱ ውስጥ አለ» አለ፤ አልቀለደም።

«ልጆቹን ከደኑ ያስወጡልኝ» አልኩት። «ዛሬውኑ። የቀረው ይትረፍ።»

«ዙሩ የፊታችን ማክሰኞ ያልቃል። ሦስት ቀን ነው። አሁን ብናቆም ባለፉት ሳምንታት የለቀማችሁት ምንድን ነው ብለው ይጠይቁኛል። ምን ልበል?»

«እውነቱን።»

እንደ ሕፃን አየኝ። ከዚያ ሻይ ጠጪ አለኝ፤ «እርስዎ» ማለቱን ትቶ። ቢሮው ጀርባ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። ከረጢቶቹ እየተመዘኑ እዚያ ይገለበጡና ናፍጣ ይርከፈከፍባቸዋል። ሽታውን እዚያው ተቀምጬ ሸተትኩት። ሻዩን አልጠጣሁም።

ስወጣ ጋሽ ሱሌማን መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ማሳቸው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት እስከ ጊዮርጊስ ጉብታ ግርጌ የሚደርስ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁኝ «ነይ እስቲ ልጄ» አሉና ወደ በቆሎው ይዘውኝ ገቡ። አንዱን ተክል ጎንበስ አድርገው እምብርቱን ፈለቀቁት። ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል፤ ውስጡ የእንጨት ብናኝ የመሰለ ኩስ ሞልቷል፤ ከኩሱ ሥር ትንሿ ተምች ተጠቅልላ ተኝታለች።

«ይኸው ጠላቴ፤ ጎጆ ሠርቶ ይበላኛል» አሉ። «ልጆቹ በማሳዬ ጥግ ወደ ጊዮርጊስ ሲወጡ በየቀኑ ሰላም ይሉኛል። ወላሂ አንድ ቀን እዚህ አልገቡም።»

«ለምን አልተናገሩም ጋሽ ሱሌማን?»

«ተናገርኩ እንጂ። አንደኛ በወጣ ቀበሌ ውስጥ ተምች አለ ብሎ ማውራት ፀረ ልማት ነው አሉኝ።» ተክሉን በቀስታ አቀኑት። «አብሽሪ። አላህ ያውቃል። የኔስ በቆሎ ለከርሞ ይዘራል፤ የናንተ ደን ነው ያሳዘነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ደን ጥላ ሥር ነው ያረፍኩት።»

የዓመት ጉርሳቸው ዓይናቸው እያየ እየተበላ እኔን ያጽናናሉ። ይህን ሁሉ ተሸክሜ ጉብታውን ወጣሁ። በመንገዴ ላይ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር፤ ለአባ ወልደ ሚካኤል፣ ለደብሩ አስተዳዳሪ፣ አንድም ቃል አላስቀርም ብዬ።

«አባ፣ ከዚህ ደን ደረቅ ጭራሮ የወሰደውን ሰው እንኳ ንስሐ ያስገባሉ» አልኳቸው። «በየቀኑ መቶ ልጅ ከረጢት ይዞ ሲገባ እንዴት ዝም አሉ?»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ግራ በመጋባት አዩኝ። «የአንቺ ልጆች አይደሉም እንዴ? ያንኑ ደብተር ይዘው፣ ያንኑ ወረቀት ይዘው፣ እንደ ወትሮው መጡ። በየክረምቱ ትል ስታስለቅሚ የኖርሽ መስሎኝ በሩን ከፈትኩ።»

«አስቆጥር ነበር እንጂ አላስለቅምም ነበር።»

«እኔ በምን አውቄ ልጄ? ከሩቅ ሳያችሁ ግንድ ግንዱን ስትነካኩ ነው የማየው። ደግሞ ለትል ቁጥር ምን ያደርግለታል?»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። እኔ ብልሃቱን አገኘሁ፣ እኔ ጻፍኩት፣ እኔ ልጆቹን አሠለጠንኩ፣ እኔ በሩን አስለመድኩ። እሳት በጉያን ለመጉዳት ያሰበ ጠላት ቢኖር ከዚህ የበለጠ አያዘጋጅም። አባ ነገሩ ሲገባቸው ያንኑ ቀን በሩን ቆለፉ፤ ለሦስቱ ቀን ብሎ ሊያስከፍታቸው የመጣውንም ፈንታሁንን መለሱት። ሰኞ ጠዋት ዝናብ አባርቶ ልጡ ሲጠቁር ብቻዬን ገብቼ ቆጠርኩ። መቶ አርባ ግንድ አየሁ። ሦስት ትል አገኘሁ።

ተስፋዬ ሌላ ቦታ ነበር። እሳት በጉያን ሐርቡ አጠገብ ባለ አንድ የገጠር ደብር አይቼዋለሁ፤ ኩታበር በኩልም ተወልጄ ባደግኩበት መንደር ደብር ውስጥ አለ። ሌላም የማላውቀው ቦታ ይኖራል። ዘሩ እዚያ ካለ አንድ ቀን ይመለሳል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ወደ ኮርሴ ተመለስኩ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ስልክ ተደወለልኝ። ከዞኑ ግብርና ቢሮ አንዲት ትሕትና ያላት ሴት እንኳን ደስ ያለዎት አለችኝ። ወይራ አምባ አንደኛ ወጥቷል፤ እኔ ደግሞ ሞዴል ፈጻሚ ሆኜአለሁ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት ከሌሎች ወረዳዎች ለሚመጡ ተሳታፊዎች ደሴ ላይ ተሞክሮዬን አቀርባለሁ። «የደብር ደኖቻችን ያልተነካ አቅም መሆናቸውን ያሳዩን እርስዎ ነዎት» አለችኝ። አልሄድም ብል እኔ ሳልኖር ይካሄዳል። ስለዚህ ሄድኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በየወንበሩ ላይ አንድ ወረቀት ተቀምጧል፤ የኔ ወረቀት። ርዕሱ ተቀይሯል፤ «ተምችን በደን ውስጥ የመለየት ምርጥ ተሞክሮ» ይላል። ዝናቡ፣ የረጠበው ልጥ፣ ፀሐይ የማይመታው ጎን፣ ስዕሉ፣ ሁሉም አለ። ከግርጌ ስሜ አለ። «ቁጠሩ፤ አትንኩ» የምትለዋ ግን የለችም። በቦታዋ «ልቀሙ» ተብሏል። ማን እንደቀየራት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ያን ቀን ጠዋት ብዙ ሥራ የነበረበት ሰው ነው፣ ስህተት አርሞ መስሎት ይሆናል።

ማይኩን ሰጡኝ።

«ወይራ አምባ ውስጥ የተለቀመው ተምች አይደለም» አልኩ። «በቆሎ የማይበላ፣ ከደን የማይወጣ የእሳት እራት ልጅ ነው። ተምቹ አሁንም የገበሬውን በቆሎ እየበላ ነው፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የሰጠናችሁ ሪፖርት ውሸት ነው። በየወንበራችሁ ያለውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩት ግን እንዳይነኩ ነው። እባካችሁ ወደ ደኖቹ አትግቡ።» ባለፈው ዓመት ሞቶ ከወደቀ እሳት በጉያ ያነሳሁትን አንድ ቀይ ክንፍ ደብተሬ ውስጥ ለጥፌ ይዤ ነበር፤ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ከኋላ የተቀመጡት ለማየት ተነሡ። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

ሰሙኝ ብዬ አመንኩ። ከዚያ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ አዳራሹ በሙሉ ተከተለው።

«መምህርት ላነሱልን ገንቢ ሐሳብ እናመሰግናለን» አለ ሰብሳቢው። «እንደ ግብዓት ይወሰዳል።» ወዲያው ስሜን ጠርቶ በመስታወት ፍሬም ያለ የምስክር ወረቀት አስጨበጠኝ። ተምችን በመከላከል ረገድ ላበረከትኩት የላቀ አስተዋጽኦ ይላል። ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለው። ፎቶ ስንነሳ ወደ ካሜራው እንዳይ ትከሻዬን በቀስታ አዞረኝ። ያን ፍሬም ወለሉ ላይ ልፈጠፍጠው እንደነበር አምላክ ያውቃል።

አልፈጠፈጥኩትም፤ ሌላ ሥራ ነበረኝ። ስብሰባው ሲያልቅ ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩና ከሚወጣው ሰው ሁሉ እጄን ዘርግቼ ወረቀቱን ተቀበልኩ። ማንም አልተቃወመም። የስብሰባ አስተያየት መስጫ መሰላቸው። አንዳንዶቹ ቆም ብለው ጀርባው ላይ «ጥሩ ነበር፤ የምሳ ሰዓት ይከበር» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። በየወንበሩ የቀረውንም ዞሬ ለቀምኩ። ሰማንያ ስድስት ወረቀት ደረቴ ላይ ታቅፌ ልወጣ ስል ስልክ የደወለችልኝ ሴት መጣች። ራቢያ ትባላለች፤ ጸሐፊ ናት።

«ሁሉንም ሰበሰብሽው እንዴ እህቴ?» አለችኝ። የደነገጥኩ መስሎ ታያትና ክንዴን ነካ አደረገች። «አብሽሪ፣ ችግር የለም። ሶፍት ኮፒውን ዛሬ ጠዋት ለሁሉም በኢሜይል ልኬዋለሁ። የማይደርሰው ሰው አይኖርም።»

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ምን እንዳደረግኩት አላስታውስም። የማስታውሰው መናኸሪያ መድረሴን ነው። ረዳቶቹ ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ እያሉ ይጠሩ ነበር፤ እኔ የኩታበሩ ውስጥ ገባሁ። በመንገድ ላይ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት እንዲጠፋ ጸለይኩ። ኢሜይሉ ሳይከፈት፣ ሳይታተም፣ ሳይባዛ አንድ ሁለት ቀን ባገኝ ብዬ ነው።

ከኩታበር መንደራችን ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ቄስ ኪዳኑ ያጠመቁኝ ካህን ናቸው፤ አሁን አርጅተዋል። የደብሩ በር ክፍት ነበር፤ ውስጥ ማንም የለም፤ ግንዶቹ ዳር ዳሩን ሽበት አብቅለው ቆመዋል። ቀድሜአለሁ ማለት ነው። እጃቸውን ስሜ ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ ስለ ትሉ፣ ስለ ኪሎው፣ ስለ ናፍጣው። አንድም ቃል ሳያቋርጡኝ አዳመጡኝ።

«የወርቅነሽ ልጅ ውሸት አትናገርም» አሉኝ በመጨረሻ። «አምንሻለሁ። ግን ደብዳቤ ይዘሻል?»

«የምን ደብዳቤ አባ?»

«ማኅተም ያለው። ነገ እነሱ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዘው ክፈት ሲሉኝ ምን ልበል? የወርቅነሽ ልጅ አትክፈት ብላኛለች ልበል?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ከፈንታሁን ይልቅ፣ ከሰብሳቢውም ይልቅ በእሳቸው ተናደድኩ። ያጠመቁኝ ሰው ናቸው። ዓይኔን እያዩ፣ አመንኩሽ እያሉ፣ ወረቀት ይጠይቁኛል። ነገር ግን ጥያቄው ልክ ነበር፤ ያበሸቀኝም እሱ ነው። ደርግ ሲመጣ በማኅተም፣ ደርግ ሲሄድ በማኅተም፣ የደብሩ መሬት ሲወሰድ በማኅተም፣ ሲመለስ በማኅተም ያዩ ሽማግሌ ናቸው። ባዶ እጁን የመጣ እውነት ማንንም ሲያድን አላዩም።

ቦርሳዬን ከፍቼ ፍሬሙን አወጣሁና ሰጠኋቸው።

መነጽር ስላልነበራቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ አዩት። የኔን ስም አገኙት፤ «ተምች» የሚለውን አገኙት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ፣ ልክ ክቡ ማኅተም ያለበት ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ታዲያ የተምቹ ኃላፊ አንቺ ነሽ አትይኝም?» አሉ።

አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ያን ቀን ለአዳራሽ ሙሉ ሰው እውነት ተናግሬ ነበር፤ የአንዲት ቀን እውነቴን እዚያው ጨርሻለሁ።

«አዎ አባ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ዘበኛውን ጠርተው ከኔ ፈቃድ ውጭ ማንም ከረጢት ይዞ እንዳይገባ አዘዙ። ፍሬሙን ራሳቸው በሩ ላይ በሚስማር ሰቀሉት። ከንዴቴ የተነሳ እንባዬ መጣ፤ እሳቸው የደስታ መሰላቸውና መረቁኝ። ማታ እናቴ ቤት አድሬ፣ ሐርቡንና የቀሩትን ደብሮች ሳስብ ነጋ። ጠዋት ወደ በሩ ተመልሼ ፍሬሙን ለአንድ ቀን አውሱኝ አልኩና ደሴ ገባሁ። ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሃያ ኮፒ አስነሳሁ፤ ማኅተሙ ሰማያዊ ሆኖ እንዲወጣ ባለ ቀለም።